ጥያቄና መልስ፦ ወደ ጉድጓድ የሚገባው ውኃና ኬሚካል

ጥያቄ፦ ሰፈራችን አጠገብ ትልቅ የቁፋሮ ማሽን ከቆመ ሰንብቷል። ከጉድጓዱ ነጭ አረፋ እየወጣ በቦዩ ይፈስሳል። ጎረቤቶች «ጋዝ እየፈለጉ ነው፤ ፍራኪንግ የሚባለው ይሄ ነው» እያሉ ይጨነቃሉ። እውነት ነው? (ሀ.፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ አይደለም። እናንተ አካባቢ መሰርሰሪያው የሚያገኘው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ባዛልት፣ ኢግኒምብራይትና የመሳሰሉት። በፍራኪንግ፣ ማለትም ውኃ በከፍተኛ ግፊት ወደ ጉድጓድ ገፍቶ ድንጋዩን በመሰንጠቅ፣ ጋዝ የሚወጣው ሼል ከሚባለውና ከመሳሰለው ጥቅጥቅ ያለ የደለል ድንጋይ ነው። የአገራችን የታወቁት የጋዝ ቦታዎች ካሉብና ሂላላም ያሉት በሶማሌ ክልል፣ ኦጋዴን ውስጥ ነው። ሰፈራችሁ የሚቆፈረው የውኃ ጉድጓድ ነው። አረፋው ደግሞ የቁፋሮ ሳሙና ነው፤ የኮምፕረሰሩ አየር የተፈጨውን ድንጋይ ብቻውን ጠርጎ ማውጣት ሲያቅተው ከውኃ ጋር ይጨመራል። ቢሆንም ከብት ሊጠጣው፣ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ጓሮ ሊገባ አይገባም። ቆፋሪው ከማሽኑ አጠገብ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ቆፍሮ አረፋውን እዚያ እንዲያስቀር ጠይቁ፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ለጋዝ የሚደረገው ፍራኪንግ «ከ99 በመቶ በላይ ውኃና አሸዋ ነው» የሚል አነበብኩ። እንዲህ ከሆነ ሰው ለምን ይፈራዋል? (መ.፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ቁጥሩ ለብዙ ጉድጓዶች ትክክል ነው። የሚያሳስተው በመቶኛ ብቻ መነገሩ ነው። አንድ ወደ ጎን የሚታጠፍ የሼል ጉድጓድ 20 ሚሊዮን ሊትር ውኃ ቢፈጅ ብርቅ አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚጠጣም አለ። እናንተ ሰፈር ውኃ ሲጠፋ በሚመጣው 10 ሺህ ሊትር በሚይዘው ቦቴ ሲሰላ 2,000 ቦቴ መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሽ በመቶው ኬሚካል ነው ቢባል 100 ሺህ ሊትር፣ ማለትም አሥር ቦቴ ኬሚካል ይሆናል።

ኬሚካሎቹ እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። መጀመሪያ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገብቶ ብረት ቧንቧው (ኬሲንጉ) ላይ በተበሱት ቀዳዳዎች የቀረውን የሲሚንቶ ፍርፋሪ ያጥባል። ፖሊአክሪላማይድ ውኃው ከቧንቧው ጋር የሚያደርገውን ፍትጊያ ይቀንሳል፤ ያለሱ በደቂቃ 10 ሺህ ሊትርና ከዚያ በላይ መግፋት ከባድ ነው። ግሉታራልዴሃይድ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ባክቴሪያ ከተራባ ቧንቧ የሚበላና ሰው የሚመርዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመርታልና። አሸዋውን ተሸክሞ የሚሄድ ወፍራም ፈሳሽ ሲያስፈልግ ለምግብ ማወፈሪያነት የሚያገለግለው ጉዋር ጉም ይገባል፤ በኋላ እንዲቀጥን አሞኒየም ፐርሰልፌት ይከተለዋል። የአሸዋው ሥራ ድንጋዩ ከተሰነጠቀ በኋላ ስንጥቁ መልሶ እንዳይገጥም ደግፎ መያዝ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ስንጥቁ ከታች ተነሥቶ እስከ መጠጥ ውኃው ይደርሳል ብሎ ነው። ሼሉ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ጥልቀት ላይ ስለሚገኝ ይህ የሚሆንበት ዕድል ጠባብ ነው። በእኛ አስተያየት የበለጠ የሚያሰጋው ከላይ ያለው ነው፤ ከመኪና ወይም ከታንከር የሚፈስ ያልተበረዘ ኬሚካል፣ በኬሲንጉና በድንጋዩ መካከል በደንብ ያልሞላ ሲሚንቶ፣ ፕላስቲክ ያልተነጠፈበት የፍሳሽ ኩሬ። ሲሚንቶው ክፍተት ካለው ጋዝ በዚያው ሾልኮ ወደ ጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ይገባል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት የመጠጥ ውኃ የሚጎዳባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር እነዚህን አንሥቷል፤ ውኃ በሚያጥርበት ቦታና ወቅት ብዙ መቅዳትንም ጨምሮ።

ከዚያ ተመልሶ የሚወጣው ውኃ አለ። በፔንስልቬኒያው ማርሴለስ ሼል ከገባው በአብዛኛው ከሩብ በታች ነው የሚመለሰው፤ ሌላው እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። የሚመለሰው ግን ከታች ጨው፣ ባሪየምና ሬዲየም ይዞ ይመጣል፤ ጨዋማነቱ ከባሕር ውኃ አምስት እጥፍ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ተራ የፍሳሽ ማጣሪያ ይህን አይችለውም። ስለዚህ አንድም ለሚቀጥለው ጉድጓድ ይደገማል፣ አንድም ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ይወጋል። ኦክላሆማ ውስጥ ከጋዝና ነዳጅ ጉድጓዶች የወጣ ጨዋማ ውኃ በብዛት ወደ ከርሰ ምድር ሲወጋ የመሬት መንቀጥቀጥ አስከትሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የደረሰው መጠኑ 5.8 ነበር።

ጥያቄ፦ ለወተት ላሞቻችን ያስቆፈርነው 150 ሜትር ጉድጓድ ውኃው ቀነሰ። አንድ ተቋራጭ «በውኃ ግፊት ድንጋዩን እንሰንጥቅላችሁ» አለን። ይህም ያው ፍራኪንግ አይደለም? ላሞቹን አይጎዳም? (ት. እና ባልደረቦቹ፣ ከሰበታ)

መልስ፦ ዘዴው አንድ ነው፤ የሚገባው ግን ይለያል። ለውኃ ጉድጓድ የሚበቃው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው፤ መጠኑም ጥቂት ሺህ ሊትር፣ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 200 ባር። ተቋራጩ ሌላ ነገር እጨምራለሁ ካለ ስሙንና መጠኑን በጽሑፍ ተቀበሉ። ውኃውን ከአቃቂ ወንዝ ወይም ከየትም ቀድቶ እንዲያመጣ አትፍቀዱ፤ የታከመ የቧንቧ ውኃ ይሁን።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ለኩ። ፓምፑን ሌሊቱን ሙሉ አጥፍታችሁ የቆመውን ውኃ ጥልቀት ለኩ። ቀጥሎ ፓምፑን ጥቂት ሰዓት እኩል እየቀዳ እንዲሠራ አድርጉና እንደገና ለኩ። ጉድጓዱ አዲስ ሳለ በሰከንድ 2 ሊትር ሲቀዳ ውኃው 10 ሜትር ይወርድ ነበር እንበል፤ አሁን በዚያው መጠን ሲቀዳ 25 ሜትር ከወረደ፣ የቆመው ውኃ ግን ከድሮው ቦታው ካልተነቃነቀ፣ የውኃ ማስገቢያው ተደፍኗል ማለት ነው። ይህ በብሩሽ፣ በኮምፕረሰርና በአሲድ ይጸዳል፤ መሰንጠቅ አያስፈልገውም። የቆመው ውኃ ራሱ ከወረደ ደግሞ የቀነሰው የከርሰ ምድሩ ውኃ ነው፤ ስንጥቅ ውኃ አይፈጥርም።

መሰንጠቅ የሚያዋጣው ጉድጓዱ ከታች ኬሲንግ የሌለው፣ ጠንካራ ድንጋይ ውስጥ የተቆፈረና ከመጀመሪያውም ውኃው ያነሰ ሲሆን ነው። ቀዳዳ ያለው ኬሲንግ እስከ ታች ከወረደ ፓከር የሚባለው ማሸጊያ ጎማ ግፊቱን ሊያግተው አይችልም። ፓከሩ ከኬሲንጉ ጫፍ ቢያንስ 12 ሜትር ዝቅ ብሎ ይታሰር። ከዚያ ከፍ ካለ ስንጥቁ ወደ ላይ ከፍቶ የመጸዳጃና የበረት ፍሳሽ ሊስብ ይችላል፤ ላሞቹን የሚጎዳው ይሄ ነው። ሥራው ሲሳካ የግፊት መለኪያው እየወጣ ቆይቶ በድንገት ይወርዳል፤ ቆማችሁ እዩት።

በመጨረሻ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታከማል። ባለ ስድስት ኢንች ጉድጓድ በሜትር 18 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 110 ሜትር ውኃ ካለው ወደ 2,000 ሊትር ነው። በሊትር 50 ሚሊግራም እንዲሆን 65 በመቶ ክሎሪን ካለው ዱቄት 155 ግራም ያህል በባልዲ ውኃ አሟሙታችሁ ጨምሩ፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። በአሲድ የጸዳ ጉድጓድ ከሆነ አሲዱ ተቀድቶ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ክሎሪን አትጨምሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። የመጀመሪያውን ውኃ ከላሞቹ ገንዳ አርቃችሁ ሽታው እስኪጠፋ አፍስሱት፤ ከዚያ ያንኑ ልኬት ደግማችሁ ለተቋራጩ የቀረውን ክፍያ በውጤቱ ክፈሉ።