የሰኔው ግርዶሽ አንስታይንን ፈትኖታል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት ፀሐይ ስትጋረድ ፒያሳ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ጓደኛዬ «የአንስታይን ቲዎሪ የተረጋገጠው በግርዶሽ ነው» ይለኛል። የእኛውስ ምን አረጋገጠ? ደግሞስ ማንም ያልነካው ነገር እንዴት ይፈተናል?
*ባለ ባጃጁ፣ ከአዘዞ*

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድሜ። የእኛው ምንም አላረጋገጠም። የቀለበት ግርዶሽ ነበራ! ላሊበላ ላይ እንኳ የፀሐይ ጠርዝ ዙሪያውን እያበራ ቀርቷል፤ ጎንደር ላይማ ቀለበቱም አልሞላም። ያቺ የተረፈች ብርሃን ከዋክብትን ትደብቃለች። ለፈተናው የሚፈለጉት ደግሞ እነሱ ናቸው።

አንስታይን «የፀሐይን ጠርዝ ታክኮ የሚያልፍ የኮከብ ብርሃን በፀሐይ ስበት 1.75 አርክሰከንድ ይታጠፋል» አለ፤ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። ይህ የሙሉ ጨረቃ ወርድ ከሺህ አንዱ እንኳ አይሞላም። በኒውተን ሕግ ሲሰላ ግማሹ ነው። በፈረንጆቹ 1919 ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን እንግሊዞች ብራዚል ሶብራልና ምዕራብ አፍሪካ አጠገብ ያለችው ፕሪንሲፔ ደሴት ሄደው ከዋክብቱን ፎቶ አነሱ። ፀሐይ በሌለችበት ከተነሳው ጋር ሲያስተያዩት ለአንስታይን አደላ። አንዱ ቴሌስኮፕ ግን ደብዛዛ ፎቶ አንስቶ ወደ ኒውተን የሚጠጋ ቁጥር ስለሰጠ ጭቅጭቁ ቶሎ አልበረደም።

እኔን ከጠየቅኸኝ የሜርኩሪ ታሪክ ይበልጥብኛል። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለ ቬሪዬ በሒሳብ ብቻ ቦታዋን ጠቁሞ ኔፕቲዩን በ1846 ተገኘች። ለፀሐይ ቅርብ የሆነችው ፕላኔት የሜርኩሪም ጉዞ ከኒውተን ስሌት ሲያፈነግጥበት «ሌላ የተደበቀች ፕላኔት አለች» አለ። ቩልካን የሚል ስም ሁሉ ወጣላት። ተፈልጋ ታጣች። አንስታይን በ1915 ያለ አዲስ ፕላኔት ልዩነቱን፣ በመቶ ዓመት 43 አርክሰከንድ፣ ቁጭ አደረገው።

ሳይነካ እንዴት ላልከው፦ ቁጥርህን አስቀድመህ ትናገራለህ፣ ከዚያ ሰማዩን ትለካለህ። ካልገጠመ አለቀልህ። በፈረንጆቹ 2017 የተመዘገበውን እይ፦ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ የታመቁ የሞቱ ኮከቦች) ሲጋጩ የስበት ሞገዱና የብርሃን ዓይነት የሆነው የጋማ ጨረር 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዘው በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ደረሱን። የስበት ሞገድ ከብርሃን እኩል አይሮጥም የሚሉ ብዙ ቲዎሪዎች በዚያው ቀሩ። ያን ያህል ርቀት የትኛው ላብራቶሪ ይሠራልሃል?

በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሉክሶር፣ ግብፅ ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ሙሉ ግርዶሽ ይሆናል። ለእኛ በከፊል ነው፣ ያውም የሐምሌ ደመና ከፈቀደ። በራጅ ፊልም እንዳታይ ብቻ፤ የግርዶሽ መነጽር ካሁኑ ፈልግ።