የሮኬት ቀጠሮ ሲገፋ፦ ለጎንደር ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሳተላይት ሠርታችሁ፣ ወይም በሰው ሮኬት ላይ ቦታ ተሰጥቷችሁ የማስወንጨፊያ ቀን ሲነገራችሁ፣ መጀመሪያ የሚወጣችሁ ጥያቄ «ቀኑ መቼ ነው?» አይሁን። «ከማን ቀጥለን ነው? ከፊታችን ያለው ቢዘገይ እኛ የት እንገባለን?» በሉ። ቀኑ እንደሆነ ይገፋል። የተነገራችሁን ቀን ደብተራችሁ ላይ ስትጽፉ «ከዚህ ቀን በፊት አይሆንም» ብላችሁ ጻፉት፤ ባለሙያዎቹም የሚጽፉት እንደዚያው ነው።

ከአዘዞ ፒያሳ የምትመላለሱ ሁሉ ተራ አስከባሪ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሚኒባሱ የባለቤቱ ነው፣ መንገዱ ግን የጋራ ስለሆነ ማን ቀድሞ እንደሚጭን የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። የማስወንጨፊያ ጣቢያም እንዲህ ነው። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ኬፕ ካናቬራል አካባቢ ስፔስኤክስ፣ ዩናይትድ ላውንች አሊያንስና ብሉ ኦሪጅን የተባሉት ኩባንያዎች የየራሳቸው መነሻ መድረክ አላቸው፤ ሰማዩና ባሕሩ ግን አንድ ነው። የአየር ክልሉ ለአውሮፕላን እንዲዘጋ የሚያደርገው፣ መርከብ ከአደጋው ቀጠና እንዲወጣ የሚያስጠነቅቀው፣ ራዳሩን የሚያሰማራው፣ የላይኛውን ንፋስ ለመለካት ፊኛ የሚለቀው በሙያው ቋንቋ «ሬንጅ» የሚባለው አካል ነው። ድሮ ሬንጁ አንዱን ሮኬት ሸኝቶ ለሌላው እስኪዘጋጅ ቀናት ይወስድበት ነበር። መንገድ የሳተን ሮኬት የሚያፈነዳው ውሳኔ ከመሬት ወጥቶ ሮኬቱ ላይ ወዳለ ኮምፒውተር ሲዛወር ነገሩ ቀለለ። የስፔስኤክሱ ፋልከን 9 ሮኬት ይህን ዘዴ በዋና መቆጣጠሪያነት የጀመረው በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ነው። ተራው ግን አልጠፋም፣ ፈጠነ እንጂ።

ተራ አስከባሪውም የማያዝበት ነገር አለ። መጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. በደቡብ አሜሪካዋ ፈረንሳይ ጊያና፣ ኩሩ በተባለው ጣቢያ አሪያን 5 ሮኬት የብራዚልንና የደቡብ ኮሪያን ሳተላይት ጭኖ ዝግጁ ነበር። ሕዝቡ በኑሮ ጉዳይ ተነሥቶ ወደ ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ዘጋ። ሮኬቱ ጤነኛ፣ ሳተላይቶቹ ጤነኛ፣ ሰማዩ ጤነኛ፤ ጉዞው ግን እስከ ግንቦት 4 ቆየ። ከኋላ የተሰለፈውም አብሮ ተገፋ።

ሚኒባስ ሲሞላ ይነሳል፤ ሮኬት ግን ሞልቶም ይቀራል። ይህችን በደንብ እንያት፣ ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፋልከን 9 የሚጠቀመው ፈሳሽ ኦክስጅን ከተለመደው በላይ የቀዘቀዘ ነው፤ ከዜሮ በታች 207 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ። ሲቀዘቅዝ ይጠጋጋል፣ በአንድ ታንክ ብዙ ይይዛል። ዕዳው ደግሞ አለ፦ ታንክ ውስጥ ከገባ ጀምሮ መሞቅ ይጀምራል፣ ስለዚህ ሙሌቱ የሚጀመረው ሊነሳ 35 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ «ቆይ፣ አምስት ደቂቃ» ማለት ዋጋ ያስከፍላል። በየካቲት 28 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ኤስኢኤስ-9 የተባለውን ሳተላይት የጫነው ሮኬት ሞልቶ ቆጠራው ሊያልቅ ሲል አንዲት ጀልባ የተከለከለው ባሕር ውስጥ ገባች። ቆጠራው ቆመ። ጀልባዋ እስክትወጣና ቆጠራው እስኪታደስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደ። ሁለተኛው ቆጠራ ዜሮ ደረሰ፣ ሞተሮቹ ተቀጣጠሉ፣ ወዲያው ኮምፒውተሩ አጠፋቸው፤ ግፊቱ ዝቅ ብሏል ብሎ። በጥበቃው የሞቀው ኦክስጅንና በመስመሩ ውስጥ የገባ የሂሊየም አረፋ ነበሩ ምክንያቱ። ሳተላይቱ ምህዋር የገባው መጋቢት 4 ነው። ጀልባዋ የወሰደችው ግማሽ ሰዓት ብቻ እንደነበር አስታውሱ።

«ታዲያ ለምን ትንሽ ቆይተው አያስነሱትም?» የሚል አይጠፋም። መሬት በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ትዞራለች። ሳተላይታችሁ ሁልጊዜ ጠዋት በ4 ሰዓት ተኩል ግድም እንዲያልፍ ከታሰበ፣ መነሻ መድረኩ ከዚያ ምህዋር ሥር የሚገባባት ቅጽበት አለች። በ4 ደቂቃ ስትዘገዩ የምህዋሩ ገጽ 1 ዲግሪ ይርቃል፤ እሱን ለማቃናት በሴኮንድ 130 ሜትር የሚያህል የፍጥነት ለውጥ ያስፈልጋል። ለትንሽ ሳተላይት ይህ የዓመታት ነዳጅ ነው። ስለዚህ የመነሻው ፋታ፣ ዊንዶው የሚሉት፣ አንዳንዴ አንዲት ሴኮንድ ናት፤ ካለፈች ለነገ። ሩቅ ላይ ተቀምጠው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ለሚያዩ የቴሌኮም ሳተላይቶች ግን ፋታው ሰፋ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያገኛሉ።

የአየሩ ነገር ለጎንደር ልጅ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንዴት እንደሚጠቁር ታውቃላችሁ፤ ፍሎሪዳም በክረምቱ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ያጓራል። ደንቡ መብረቅ ከመነሻው ወይም ከሚበርበት መስመር በ18.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከታየ 30 ደቂቃ ጠብቁ ይላል። ዝናቡ ቢያባራም ደንቡ አይለቅም። የሮኬቱ ጭስ ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ረጅም ሽቦ ስለሚሆን፣ መብረቅ የሌለበትን ደመና መብረቅ እንዲጥል ያደርገዋል። ወደ ጨረቃ የሄደው አፖሎ 12 በኅዳር 1969 እ.ኤ.አ. በተነሣ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሁለቴ ተመትቶ ተረፈ። በመጋቢት 1987 እ.ኤ.አ. የተነሣው አትላስ-ሴንቶር ሮኬት ግን አልተረፈም፤ መብረቁ የመሪ ኮምፒውተሩን ማኅደር አበላሽቶት በተሳሳተ ትእዛዝ ተጠመዘዘና ተሰባበረ።

እዚሁ ጣናን ለምታጠኑ ደግሞ አንድ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። የእምቦጭን መስፋፋት የምትለኩበት የላንድሳት ሳተላይት ምስል ያለ ምክንያት አልመጣም። ላንድሳት 9 ከካሊፎርኒያው ቫንደንበርግ ሊነሳ የተቀጠረው መስከረም 16 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ነበር። ወረርሽኙ ለሆስፒታል የሚሆን ፈሳሽ ኦክስጅን ፍላጎትን ስለጨመረ፣ ለጣቢያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ማድረስ ተጓተተ፤ ሮኬቱም ያለ ናይትሮጅን መፈተን አልቻለም። የተነሣው መስከረም 27 ነው። የማይታይ ጋዝ ነው ያስቀረው። የጄምስ ዌብ የህዋ ቴሌስኮፕ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተገፍቶ በድምሩ አንድ ሳምንት ዘገየ፦ አንዴ ማሰሪያ ቀበቶው ሳይታሰብ ስለተፈታ፣ አንዴ በቴሌስኮፑና በሮኬቱ መካከል የመረጃ ግንኙነት ስለተቆራረጠ፣ አንዴ በአየር። ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፤ «ዘገየ» ከሚለው ቃል በፊት «በምን?» የሚለውን መዝግቡ። የአየር ጉዳይ በአንድ ቀን ያልፋል፣ የተበላሸ ቫልቭ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ኢትዮጵያ መጀመሪያ ወደ ህዋ የላከቻቸው ሁለት ሳተላይቶች አብሮ ተሳፋሪ ነበሩ። 70 ኪሎ ያህል የሚመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ሲነሣ ዋናው ጭነት የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ነበር፤ በዓመቱ የተከተለውና 9 ኪሎ የማይሞላው ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ከዌንቻንግ የሄደው ሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ነው። አብሮ ተሳፋሪ ቀን አይመርጥም። ዋናው ጭነት ቢታመም ትጠብቃላችሁ፤ እናንተ ብትታመሙ ግን ጥሏችሁ ይሄዳል። ቅር አይበላችሁ፣ ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

ስለዚህ ሳተላይቱን ስትሠሩ ለመጠበቅ ሥሩት። ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ መልቀቂያ ሣጥናቸው ውስጥ ገብተው የሚረከቡት ከመነሻው ሳምንታት ቀድሞ ነው፣ ከዚያ በኋላ ባትሪ መሙላት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ባትሪው ቢያንስ ስድስት ወር ተኝቶ ሲነቃ አንቴና የሚዘረጋበት ኃይል እንዲተርፈው አስሉ፤ ይህ የኔ ልክ ነው፣ በዛ የሚል ካለ ይቀንሰው። አንቴናውን አጥፎ የያዘው የናይለን ክር ውጥረት ላይ ሲቆይ ይላላል። እዚሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ሌላ ቁራጭ በተመሳሳይ ውጥረት አስራችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ በየሳምንቱ በማስመሪያ ለኩት።

ሰዓቱንም አትሳቱ። ማስታወቂያው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ይመጣል፤ ወደኛ ሰዓት ለማምጣት 3 ቀንሱ፣ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 12 ደምሩ፣ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ቀንሱ። ኢቲአርኤስኤስ-1 በ3:22 ዩቲሲ ነው የተነሣው፤ በኛ ከጠዋቱ 12:22። በዩቲሲ ከ21:00 በኋላ ከሆነ ደግሞ በኛ እኩለ ሌሊት ስላለፈ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑም ተቀይሯል፤ በዚህ አንድ ቀን ሙሉ የሚሳሳት አለ።

ቀጠሮው በተገፋ ቁጥር የአንቴናችሁን አቅጣጫ ሰንጠረዥ እንደገና አስሉ፣ የትናንቱን አትጠቀሙ። ሳተላይቱ ከጎንደር ሰማይ ላይ የሚታይበት ጊዜ አንዴ ሲያልፍ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ከሮኬቱ በተለየ ማግሥት የሚሰጣችሁ የምህዋር መረጃ ግምት ነው፤ አብረው የተለቀቁት ብዙ ከሆኑ የትኛው የናንተ እንደሆነ ለመለየት ቀናት ሊወስድ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ማለፊያዎች አንቴናውን ሰፋ ባለ ማዕዘን አድርጋችሁ፣ ከሰዓቱ አንድ ደቂቃ ቀድማችሁ ጀምራችሁ ቅዱ። ድምፁ ባይሰማም ፋይሉን አታጥፉት፤ ትክክለኛው ምህዋር ሲታወቅ ተመልሳችሁ ትፈልጉበታላችሁ።