ባሻው ከኋላ ነው የሚያየው

ባለፈው እትም ስለ ጦር ሰፈር ሥነ ሥርዓት ጠይቁን ብለን ነበር። ከወሎ የመጣው ደብዳቤ ስለበዛ የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ አባታችን ትተውልን ያለፉት ወረቀት ላይ ማዕረጋቸው «ሻለቃ ባሻ» ይላል። ሰፈርተኛው ግን ዕድሜ ልኩን «ባሻዬ» እንጂ «ሻለቃ» ብሏቸው አያውቅም። ማዕረጋቸውን አጉድሎባቸው ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አላጎደለባቸውም። ሻለቃ መኮንን ነው፤ ሻለቃ ባሻ ደግሞ ከበታች ሹማምንት ወገን ከፍተኛው ነው። ባሻ ማለት የወታደሩን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠር የበታች ሹም ነው። ግራ የሚያጋባው «ሻለቃ» የሚለው ቃል የማዕረግም የጦር ክፍልም ስም መሆኑ ነው። ሻምበል ባሻ ሲባል የሻምበሉ ጦር ባሻ፣ ሻለቃ ባሻ ሲባል የሻለቃው ጦር ባሻ ብላችሁ ያዙት። በእንግሊዝ ጦር ይህን ሥራ የሚሠራው ዋራንት ኦፊሰር ነው፤ የበታቾቹ «ሰር» ይሉታል፣ መኮንኖቹ ግን አንደኛ ደረጃውን ዋራንት ኦፊሰር «ሚስተር» ብለው ነው የሚጠሩት። የእኛን ጦር በ1927 ሆለታ ላይ ስዊድኖች፣ ከ1934 ወዲህ እንግሊዞች፣ ከ1945 በኋላ ደግሞ አሜሪካኖች አሠልጥነውታል። «ባሻዬ» የሚለው አክብሮት ግን የራሳችን ነው፤ አባታችሁ በትክክል ነው የተጠሩት።

ጥያቄ፦ የጥበቃ ሠራተኞች አሠለጥናለሁ። ከስክሳቸውን የድሮ ወታደር እንደሚያደርገው መስታወት ለማስመሰል ብንደክምም ነጭ ጉም እየለበሰ አስቸገረን። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጉሙ የሚመጣው ከቀለሙ ብዛት ነው፤ አንዳንዴ ከውሃው። መጀመሪያ ክሩን አውጡና ጭቃው ከደረቀ በኋላ በብሩሽ አራግፉት። እርጥቡን ጭቃ ከፈገፈጋችሁት አሸዋው ቆዳውን ይጭረዋል። ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። በክረምት፣ በተለይ ደሴ ላይ፣ ጫማ ቶሎ ስለማይደርቅ ሰው ምድጃ ዳር ይደግነዋል፤ ቆዳው ተሰነጣጥቆ የሚቀረው ያኔ ነው። ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ለውጡ እንጂ እሳት አታሳዩት።

ከዚያ ቀለሙን በስሱ ቀብታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉትና በብሩሽ ምቱት። ይህ መሠረቱ ነው፤ አዲስ ጫማ ሦስት አራት ጊዜ ይፈልገዋል። መስታወቱ የሚወጣው ቀጥሎ ነው። ያረጀ የካናቴራ ቁራጭ ሁለት ጣት ላይ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ ቀለሙን ነካ አድርጉ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ጨምሩ፣ ጭረቱ እስኪጠፋ በትንንሽ ክብ እሹ። እንደገና ነካ፣ እንደገና ጠብታ። አሥር ስስ ንብርብር ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ጉም ከለበሰ ቀለም አትጨምሩ፤ ንጹሕ ጨርቅ በውሃ ብቻ አርጥባችሁ እሹት።

መስታወት የሚሠራው ጫፉና የታኮው ዙሪያ ላይ ብቻ ነው። ሲራመዱ በሚታጠፈው ቦታ ላይ የተቆለለ ቀለም በአንድ ቀን ይሰነጠቃል። ደግሞም ታኮውን አትርሱ። ምልምል ሁሉ ለራሱ የሚታየውን ጫፍ ይወለውላል፤ ባሻው ግን በሰልፉ ጀርባ በኩል ነው የሚዞረው።

ጥያቄ፦ በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ባሻው ሸሚዛችንን አስገልብጦ ብብቱን ያይ ነበር። ማዋረድ አይደለም? አልጋችንንስ ሳንቲም እስኪያነጥር ማስወጠሩ ምን ይጠቅማል? (ከኩታበር)

መልስ፦ አይደለም፤ ቅማል እየፈለገ ነው። የሰውነት ቅማል እንደ ራስ ቅማል ፀጉር ውስጥ አይኖርም። በልብስ ስፌት፣ በብብትና በወገብ በኩል ተደብቆ ቅጫሙን ይጥላል፤ ለመመገብ ብቻ ወደ ገላ ይወጣል። ስለዚህ ራስ መላጨት ብቻውን አይበጅም። ይህ ቅማል ተስቦንና ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ያስተላልፋል፤ ብርድ ባለበት ደጋ፣ ሰው ተጨናንቆና ልብሱን ሳይለውጥ በሚያድርበት ሰፈር፣ አንድ ሰው ይዞት ከገባ ቶሎ ይዛመታል።

መፍትሔው ልብሱን ማፍላት ነው፤ ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ቅማሉንም ቅጫሙንም ይገድላል። ማፍላት ካልተቻለ ስፌቱን በጋለ የከሰል ካውያ ደጋግሞ መተኮስ፣ ወይም ልብሱን በፌስታል አጥብቆ አስሮ ሁለት ሳምንት ማስቀመጥ ይረዳል። ገላ ላይ ነጭ ጋዝ መቀባት ግን ቆዳ ያቃጥላል።

አልጋን እንደ ከበሮ ወጥሮ ሳንቲም ማንጠርን በተመለከተ፣ እሱ ትርኢት ነው። እንዲያውም ሰው ከተነሣበት ቅጽበት የተወጠረ ብርድ ልብስ የሌሊቱን ላብ ይዞ ይውላል። ቁርስ እስኪያልቅ ገልጦ ማናፈስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንዱ ሲያጠፋ ሁላችንንም ያስሮጡን ነበር። ልክ ነበር? (ከባቲ)

መልስ፦ የጋራ ሥራ ሲበላሽ፣ ለምሳሌ ማደሪያው ሳይጠረግ ሲቀር፣ የጋራ እርማት ያስኬዳል። በአንድ ሰው ስርቆት ሃምሳ ሰው ማስሮጥ ግን ሌባውን መደበቅ ያስተምራል። ማንበርከክና ዱላማ ቅጣት እንጂ ሥልጠና አይደለም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝ ተከልክሏል። ጥሩ ባሻ እርማቱን ከጥፋቱ ጋር ያገናኛል፤ የዘገየ ነገ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ይሰለፋል፣ መሣሪያው የዛገ እንደገና ይጠርጋል።

ጥያቄ፦ ወጣቶችን በሰልፍ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ላስጉዝ ነው። የእርምጃ ልኩ ስንት ነው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ የእንግሊዝ ባሻ እንደ ኮምፓስ የሚከፈት ባለሁለት እግር ዱላ ይይዛል፤ በ30 ኢንች፣ ማለትም በ76 ሳንቲ ሜትር ከፍቶ እርምጃ ይለካበታል። ለእናንተ 75 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ እንጨት ይበቃል። በደቂቃ 120 እርምጃ ከሄዳችሁ 90 ሜትር ነው፤ ሃምሳ ደቂቃ ተጉዞ አሥር ደቂቃ ማረፍ በሰዓት 4.5 ኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል።

ይህ ግን የሜዳ ሂሳብ ነው። መንገዳችሁ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ እርምጃውን አሳጥሩ፣ እግር ማመሳሰሉንም ተዉት። ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል፤ ጥፍር የሚጠቁረው በዚህ ነው። ክሩን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፣ ጣቶች ላይ አላሉ። ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት በቀጥታ ይቆረጥ። የመጀመሪያው ዕረፍት በ15ኛው ደቂቃ ይሁን፤ ክር ለማስተካከል ነው። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ እግር ያብጣል፤ ስለዚህ አጋማሽ ላይ ካልሲ የሚቀይሩበት ሌላ ደረቅ ካልሲ ሁሉም ይያዝ።