ሰማያዊው ፕላስቲክ ሰዓቴን አጠፋብኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። አልጋዬ አጠገብ የማስቀምጠው ዲጂታል ሰዓት ቁጥሮቹ ቀይ ናቸው። ቀዩ ሲሰለቸኝ ሰማያዊ ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጬ ፊቱ ላይ ለጠፍኩበት። ሰማያዊ ይሆንልኛል ስል ጭራሽ ቁጥሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ፕላስቲኩን ሳነሳው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይበራል። ምን አበላሸሁ?

መልስ፦ ምንም አላበላሸህም፣ ተረጋጋ። ባለቀለም ፕላስቲክ ቀለም አይቀባም፣ ወንፊት ነው። የራሱን ቀለም ያሳልፋል፣ ሌላውን ያስቀራል። ቁጥሮቹን ከሚሠሩት ትንንሽ መብራቶች፣ ከቀይ ኤልኢዲዎች፣ የሚወጣው ብርሃን ደግሞ ቀይ ብቻ ነው፣ ሰማያዊ ጠብታ እንኳን የለበትም። ስለዚህ ወንፊትህ ቀዩን ሲያስቀር የሚያሳልፈው ነገር አጣ። ያንኑ ፕላስቲክ ነጭ ብርሃን ላይ ብትለጥፈው ኖሮ ያምርልህ ነበር፣ ነጭ ውስጥ ሰማያዊም ስላለ።

ቁጥሮቹን አውጥቶ በሰማያዊ መተካት ይቻላል፣ ግን መበየጃ መያዝ ይጠይቃል። መጠኑ፣ የእግሮቹ አደራደርና ዓይነቱ (ኮመን አኖድ፣ ማለትም የኤልኢዲዎቹ ፖዘቲቭ እግር የጋራ የሆነ፣ ወይስ ኮመን ካቶድ፣ ኔጋቲቩ የጋራ የሆነ) ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሌላው ጣጣ ቮልቴጁ ነው። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት አካባቢ ይበቃዋል፣ ሰማያዊው 3 እና ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ይፈልጋል። ሰዓቱ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ከሆነ አዲሱ ቁጥር ፍዝዝ ብሎ ነው የሚቀረው።

በነገራችን ላይ የድሮ ሰዓቶች ቀይ የሆኑት የሠሪዎቹ ምርጫ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቀዩ ኤልኢዲ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠራ፣ ደማቅ ሰማያዊ ግን እስከ 1990ዎቹ ድረስ አልተገኘም። ነገሩ ያን ያህል አስቸጋሪ ነበር፤ እሱን ያስገኙት ሦስት ሰዎች በ2014 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ ግን ተወው። ሰዓቱ አልጋህ አጠገብ ነው አልክ፣ እንቅልፍን የሚያባርረው ሰማያዊው ብርሃን ነው እንጂ ቀዩ አይደለም። ድምቀቱ ከሆነ ያስቸገረህ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ፕላስቲክ ለጥፍበትና ተኛ።

ጥያቄ፦ በትርፍ ጊዜዬ ለሠራሁት የሙቀት መለኪያ ባለ ሁለት መስመር ኤልሲዲ ገጥሜያለሁ። ከኋላው የሚበራው ቢጫ አረንጓዴ ነገር አስጠልቶኛል። ኤልኢዲውን አውጥቼ ነጭ ባደርገው ሌላ የምነካው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ እህቴ፣ ሬዚስተሩን፣ ወደ ኤልኢዲው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገድበውን። መጀመሪያ ግን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እይ። ኤልሲዲ ራሱ አያበራም፣ እንደ መጋረጃ የሚከፍትና የሚዘጋ መስታወት ነው፤ የሚያበራው ከኋላ ወይም ከጎን የተቀመጠው ኤልኢዲ ነው። በመሃል ወተት የመሰለ ፕላስቲክ አለ፣ ብርሃኑን እኩል የሚያሰራጨው እሱ ነው። እንዳትጥይው፣ ያለሱ አንድ ጥግ ብቻ ነው የሚደምቅልሽ።

ሬዚስተሩን እንዲህ አስቢው። 5 ቮልት አለሽ እንበል፣ አንዷ ኤልኢዲ 20 ሚሊ አምፔር ትፈልጋለች። ነጭ ወይም ሰማያዊ ከሆነች ወደ 3.2 ቮልት እሷ ትወስዳለች፣ የቀረው 1.8 ለ0.02 ሲካፈል 90 ኦም። ቀይ ወይም እንዳንቺው ቢጫ አረንጓዴ ከሆነች ወደ 2 ቮልት ትወስዳለች፣ የቀረው 3 ለ0.02 ሲካፈል 150 ኦም። ለቀይ የተሠራውን 150 ኦም ትተሽ ነጭ ብትገጥሚ ትንሽ ፈዘዝ ትላለች እንጂ አትጎዳም። አደጋው ተቃራኒው ነው። 90 ኦም ላይ ቀይ ከገጠምሽ 33 ሚሊ አምፔር ያልፍባታል፣ ለተወሰነ ጊዜ በጣም ታምራለች፣ ከዚያ ትሞታለች። አንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ኤልኢዲዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በተከታታይ ስለሚገናኙ፣ ከማውጣትሽ በፊት ሁለቱ ጫፍ ላይ ያለውን ቮልት በመልቲሜትር ለኪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ጽሑፍ በሰማያዊ መደብ የሚያሳዩት ኤልሲዲዎች ሰማያዊያቸው ከመስታወቱ ነው እንጂ ከኤልኢዲው አይደለም፣ ኤልኢዲው ነጭ ነው። እዚያ ላይ ቀይ ብትገጥሚ ፊደሎቹ ይቀላሉ፣ መደቡ ግን ይጨልማል።

ጥያቄ፦ የእጅ ሰዓቴ የድሮው ካሲዮ ኤፍ-91 ደብልዩ ነው። አንዳንዶች ቁጥሩን ነጭ፣ መደቡን ጥቁር አድርገው አይቻለሁ። ቀለም ቀብተውት ነው?

መልስ፦ ቀለም የለበትም፣ ፊልም ነው ያዞሩት። ከዚህ ሁሉ የምወደው ዘዴ ይሄ ነው። ከኤልሲዲው ፊትና ኋላ ፖላራይዘር የሚባል፣ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ፊልም ተለጥፏል። የፊተኛው በ90 ዲግሪ ሲዞር ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል።

አሠራሩ ይኸው። የኤልሲዲውን መስታወት አውጥተህ የፊተኛውን ፊልም በምላጭ ከጥግ አንስተው፣ ከዚያ በጣትህ ቀስ ብለህ ሳብ። የሚቀረውን ሙጫ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረግ፣ ትዕግስት የሚፈትነው ክፍል እሱ ነው። አሁን ሰዓቱን ስታየው ባዶ ነው፣ አንድም ቁጥር የለም። እንዳትደነግጥ። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ካለህ በእሱ አሻግረህ እየው፣ ቁጥሮቹ ከየት መጡ ሳትል ብቅ ይላሉ። መነጽሩን ቀስ እያልክ ስታዞረው ይደበዝዙና በነጭ ተመልሰው ይመጣሉ። ያን ጊዜ መነጽሩ የያዘውን አቅጣጫ ያዝና አዲሱን ፊልም በዚያው ልክ ቆርጠህ ግጠም። አሮጌውን አዙሬ እመልሰዋለሁ አትበል፣ አራት ማዕዘን ስለሆነ ሲዞር ጎኑ አይሸፍንም።

ቀለም ካማረህ ግልጽ ባለቀለም ፊልም ከላይ ጨምርበት። በተገለበጠው ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ የፊልሙን ቀለም ይይዛሉ፣ ባልተገለበጠው ላይ ደግሞ መደቡ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የተገለበጠ ሰዓት ደብዘዝ ባለ ብርሃን ለማንበብ ያስቸግራል። ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው፤ የመጀመሪያ ቀን መስታወቱን ከሰሌዳው የምታገናኘውን ባለ ሽንትር ላስቲክ በጣቴ ነካክቼ መለስኳት። ሰዓቱ ለሁለት ቀን ግማሽ ቁጥር ሲያሳየኝ ከረመ። በአልኮል ጠርጌ ቀጥ አድርጌ ስመልሳት ነው የዳነው።

ጥያቄ፦ የማይክሮዌቬ ቁጥሮች ሰማያዊ አረንጓዴ ናቸው። ከፍቼ መቀየር እችላለሁ?

መልስ፦ እባክዎ አይክፈቱት! ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሁለት ሺህ ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ደግነቱ መክፈት አያስፈልግዎትም። እንዲህ ዓይነቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ የቫኩም ፍሎረሰንት ዲስፕሌይ፣ ማለትም አየር በሌለበት መስታወት ውስጥ የሚያበራ ማሳያ ነው፤ ብርሃኑ እንደ ኤልኢዲ አንድ ቀለም ብቻ ሳይሆን ሰፋ ያለ ነው። ስለዚህ ከውጭ አረንጓዴ ፊልም ቢለጥፉ ጥርት ያለ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ቢለጥፉ ሰማያዊ ይሆናል። ቀይ ግን በጣም ስለሚፈዝ አይልፉ።

ጥያቄ፦ ትንሿ ኦሌዴ ስክሪኔ (OLED፣ ነጥቦቿ ራሳቸው የሚያበሩ) ከላይ ቢጫ፣ ከታች ሰማያዊ ነች። ኮዱ ውስጥ የቱን መስመር ልቀይር?

መልስ፦ የትኛውንም አትቀይር። ከስክሪኗ 64 የነጥብ መስመሮች የላይኞቹ 16 ቢጫ ሆነው ነው የተሠሩት፣ ኮድህ የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። አንድ ቀለም ከፈለግክ ሙሉ ነጯን ግዛና ከላይ የፈለግከውን ፊልም ለጥፍባት።