ጥያቄና መልስ፦ ባቡር የተወው መንገድ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ባቡር መሮጥ ያቆመበትን መስመር ለእግረኛና ለብስክሌት ስለማዋል ናቸው። አራቱ ከዋሽንግተን ዙሪያ፣ አንዱ ከድሬዳዋ የመጡ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። ሐኪሜ ብስክሌት ንጂ ብሎኛል፤ ጉልበቴ ግን ዳገት አይወድም። ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል የሚዘልቀው ደብሊው ኤንድ ኦዲ የተባለው የብስክሌት መንገድ ይሆነኛል? ከየት ልጀምር? (ከአርሊንግተን)

መልስ፦ ይሆንዎታል፤ መንገዱ የተቀየሰው ለባቡር ነውና። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ቶሎ ይንሸራተታል፤ ዳገት ሲበዛበት ቆሞ ይሽከረከራል። ስለዚህ የባቡር መሐንዲሶች ኮረብታውን በቆረጣ፣ ጎድጓዳውን በሙሌት እያስተካከሉ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳይኖር ይጥራሉ። በዚህ መስመር ባቡር ከ1859 እስከ 1968 ሠርቷል። ዛሬ የሚነዱበት 45 ማይል (72 ኪሎ ሜትር) አስፋልት በአመዛኙ በዚያው መደላድል ላይ የተኛ ነው።

ድንገት ትንፋሽ የሚያሳጥር አጭር ዳገት ቢገጥምዎት ባቡሩን አይውቀሱት። አብዛኛውን ጊዜ መኪና መንገድ ለመሻገር በኋላ የተሠራ ድልድይ ነው፤ ወርደው ቢገፉት ነውር የለውም። እውነተኛው ረዥም አቀበት ከሊስበርግ በስተ ምዕራብ እስከ ክላርክስ ጋፕ ያለው ነው። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ እዚያ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይተዉት።

ርቀት የሚያሳዩ ምልክቶች በየግማሽ ማይሉ ተተክለዋል፤ ቁጥሩ ከሸርሊንግተን ይጀምራል። በሜትሮ (በከተማው ባቡር) የሚመጡ ከሆነ የኢስት ፎልስ ቸርች ጣቢያ ከመንገዱ አጠገብ ነው። ከዚያ ተነስተው 3 ማይል ሄደው ይመለሱ፤ በየሳምንቱ አንድ ማይል ይጨምሩ። ነፋስ ካለ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይቀበሉት። ደክሞዎት ሲመለሱ ከኋላ ይገፋዎታል።

ጉልበትን ከዳገት ይበልጥ የሚጎዳው ዝቅ ያለ ኮርቻ ነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከታጠፈ ኮርቻውን ከፍ ያድርጉት። ማርሹንም ቀለል አድርገው በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ዙር ይምቱ። ከባድ ማርሽ ይዞ በዝግታ መግፋት ጉልበትን ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአገር ቤት መጥታ በየማለዳው በዚሁ መንገድ በእግሯ ትሄዳለች። ብስክሌተኞቹ ከኋላዋ ሲጮሁባት ደንግጣ አንዱ ሊገጫት ነበር። ምን ልበላት? (ከቪየና፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ የሚጮሁት ቃል «ኦን ዩር ሌፍት» ነው። «በግራሽ በኩል ላልፍ ነው» ማለት እንጂ «ወደ ግራ ሂጂ» ማለት አይደለም። ብዙ አዲስ መጪ «ሌፍት» የሚለውን ብቻ ይሰማና ወደ ግራ ዘወር ይላል፤ ብስክሌቱ ደግሞ የሚመጣው በዚያው በኩል ነው። እናትዎ ሦስት ነገር ይያዙ፦ የቀኙን ዳር አይልቀቁ፤ ድምፅ ሲሰሙ ወደየትም ሳይዞሩ በያዙት መስመር ይቀጥሉ፤ መቆም ካስፈለጋቸው ከአስፋልቱ ወርደው ሣሩ ላይ ይቁሙ። ሁለት ሆነው ሲሄዱ ጎን ለጎን መሆን ይቻላል፤ ሦስት ከሆኑ ግን 3 ሜትሩን መንገድ ዘጉት ማለት ነው። በፎልስ ቸርች ከተማ ውስጥ የእግረኛውና የብስክሌቱ መንገድ ተለይቶ ተሠርቷል፤ እዚያ የእግረኛውን ይያዙ።

ለሚነዳውም አንድ ቃል፦ ደወል 20 ሜትር ያህል ሲቀር ይደወላል፤ አጠገብ ደርሶ መደወል ማስደንገጥ ነው። አዛውንት ወይም ሕፃን ካዩ ደወሉ አይበቃም፣ ፍሬን ይያዙ። መኪና መንገድ በሚያቋርጡበት ቦታም የተሰመረውን ቀለም አምነው አይግቡ። አንዱ ረድፍ ሲቆምልዎት የሁለተኛው ረድፍ ሾፌር የቆመበትን ምክንያት ላያይ ይችላል። አደጋው የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ ቋቁቻ ሆኗል፤ እንደ ጉብታ ያስዘልላል። ይለጥፉታል፣ በዓመቱ ተመልሶ ይነሳል። ሥራው ተበላሽቶ ነው? ደግሞስ የኤሌክትሪክ መስመሩ ለምን በላዩ ያልፋል? (ከሬስተን)

መልስ፦ የኋለኛው ይቅደም። ባቡሩ ሲቆም 30 ሜትር ስፋት ያለውን መሬት የገዛው የኤሌክትሪክ ኩባንያው ነበር። መንገዱን የሚያስተዳድረው የፓርክ ባለሥልጣን ከዚያ ተረክቦ በ1974 ፎልስ ቸርች ውስጥ ለሙከራ አጭር ክፍል ከፈተ፤ ፐርሰልቪል የደረሰው በ1988 ነው። ምሰሶዎቹ በቦታቸው ቀሩ።

ወደ ጉብታው ስንመጣ፣ ብስክሌት የሚሄድበት አስፋልት ሁሉም አንድ ዓይነት በሽታ የለውም። ጎንበስ ብለው ቅርጹን ይዩት።

መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ፣ ከዘንግ ያልሰፋ ጠባብ ጉብታ ከሆነ የዛፍ ሥር ነው። አስፋልት ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበት ከሥሩ ይጠራቀማል፤ በአስፋልቱና በጠጠሩ መካከል ያለችው ቀጭን ክፍተት አየርም ውሃም አላት። የዛፍ ሥር ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ገብቶ ሲወፍር አስፋልቱን ያነሳዋል። ከላይ መለጠፍ የማይረዳው ለዚህ ነው፤ ሥሩ በየዓመቱ መወፈሩን አያቆምም። መድኃኒቱ ከጉብታው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሜትር በመጋዝ ቆርጦ ማውጣት፣ ሥሩን መቁረጥ፣ በመንገዱ ዳር ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የፕላስቲክ መከላከያ በቁም መቅበር፣ ጠጠሩን እንደገና ጠቅጥቆ አስፋልት ማልበስ ነው። ሥሩ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወፈረና ግንዱ ቅርብ ከሆነ ግን ዛፍ የሚያውቅ ባለሙያ ሳያይ አይቆረጥም፤ ዛፉ ድጋፉን አጥቶ በነፋስ ሊወድቅ ይችላል።

ስንጥቁ በመንገዱ ርዝመት፣ በዳር በኩል፣ የሙሌት ክምር ላይ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ክምሩ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው። ብዙ ጊዜ ከሥር ያለው የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ተዘግቷል። ውሃው በላይኛው በኩል ይጠራቀማል፣ አፈሩ ይርሳል፣ ይከብዳል፣ ይሄዳል። እዚያ ላይ አስፋልት መጨመር ክብደት መጨመር ነው፤ መጀመሪያ ቱቦው ይጠረግ።

እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ደግሞ የሥሩ ጠጠር ውሃ ጠጥቷል። ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ቆረጣ ውስጥ፣ ግራና ቀኙ ገደል በሆነበት ቦታ ነው። ባቡር በነበረ ጊዜ ሠራተኛ ተመድቦለት የሚጠረገው የዳር ቦይ ዛሬ በቅጠል ይሞላል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ከአስፋልቱ ሥር ይገባል፤ በክረምት በረዶ ሆኖ ይነፋል፣ በጸደይ ይቀልጣል። በመኸር ቅጠሉን በአካፋ የሚያነሳ ሰው ከአስፋልት ማሽን የበለጠ መንገድ ያድናል።

ሲያመለክቱ «ተበላሽቷል» ብቻ አይበሉ። የቅርቡን የማይል ቁጥር፣ ከሦስቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነና ጫማ ወይም ጠርሙስ አጠገቡ አስቀምጠው ያነሱትን ፎቶ ይላኩ።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ በተባለው የብስክሌት መንገድ ለመሄድ አስበናል። በየትኛው በኩል እንጀምር? የከተማ ብስክሌት ይበቃል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ 150 ማይል (240 ኪሎ ሜትር) ነው፤ በ2013 ተጠናቋል። ከፒትስበርግ ይጀምሩ። ዝናብ ወደ አትላንቲክና ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚለያይበት ጫፍ 2,392 ጫማ (729 ሜትር) ላይ ነው። ከፒትስበርግ በኩል ወደዚያ የሚወጡት በ126 ማይል ውስጥ ስለሆነ በ100 ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም። ከከምበርላንድ በኩል ግን በ24 ማይል ውስጥ ይወጣል፤ በ100 ሜትር 1.4 ሜትር ማለት ነው። ይህም ቢሆን ገዳይ አይደለም፣ ግን እረፍት የለውም።

አራት ቀን ይበቃል፦ ዌስት ኒውተን 36 ማይል፣ ኦሃዮፓይል 42፣ ማየርስዴል 40፣ ከምበርላንድ 32።

መሬቱ አስፋልት አይደለም፤ ተፈጭቶ የተጠቀጠቀ የኖራ ድንጋይ ነው። የከተማ ብስክሌት ይሄዳል፤ ጎማው ግን ከ32 ሚሊ ሜትር አይጥበብ፣ ከ35 እስከ 40 ቢሆን ይሻላል። ጎማውን እንደ ድንጋይ አያስነፉት፤ ሻንጣ ጭኖ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ38 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በቂ ነው። ሁለት ካላማዳሪያ፣ ፖምፓና ጎማ ማውጫ ለየብቻ ይያዙ። አንድ ፖምፓ ለአራት ሰው ሲባል ፖምፓው ሁልጊዜ የቀደመው ሰው ጋር ነው።

ዝናብ ካገኛችሁ የኖራው ብናኝ ሊጥ ይሆናል። ካቴናውን ይበላዋል፤ ፍሬኑ ውስጥ ገብቶ ይፈጫል። ማታ በውሃ ጠርሙስ አጥባችሁ በጨርቅ አድርቃችሁ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ሳያጥቡ ዘይት መጨመር ግን አሸዋውን እዚያው ማጣበቅ ነው።

ቢግ ሳቬጅ የተባለው ዋሻ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚያንጠባጥበው ውሃ በረዶ ሆኖ ግድግዳውን እንዳይሰነጥቅ በክረምት በሩ ይዘጋል፤ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) አትሂዱ። ዋሻው መብራት ቢኖረውም የራሳችሁን ያዙ፤ በበጋም ይበርዳል። ከፍሮስትበርግ ወደ ከምበርላንድ ስትወርዱ ደግሞ ጎናችሁ ያለው ሐዲድ አልሞተም፤ የጎብኚዎች ባቡር ይሄድበታል። ሐዲዱን ስታቋርጡ መሪውን አቅንታችሁ ቀጥ ብላችሁ እለፉ፤ በሰያፍ ከገባችሁ የፊት ጎማው ከሐዲዱ ጎን ያለው ክፍተት ውስጥ ይገባና ይጥላችኋል።

ጥያቄ፦ የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር አጠገባችን ወድቆ ነው ያለው። ይህንን ነገር እኛ ማድረግ እንችላለን? ሐዲዱን ነቅሎ ጠጠር ማልበስ አይበቃም? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ከ1897 እስከ 1917 የተዘረጋው ያ 784 ኪሎ ሜትር መስመር ዳገቱ በባቡር ልክ የተቀየሰ ስለሆነ ለብስክሌት ይስማማል። ነገር ግን ሐዲዱ የሚነቀለው መጨረሻ ላይ ነው። ሐዲድ እያለ መሬቱ የባቡር መሆኑን ማንም ያያል፤ ከተነሳ በማግስቱ አጥር ይገባበታል። አሜሪካኖች በ1983 ሕግ ያወጡት ለዚህ ነው፦ ባቡር ወደፊት ቢያስፈልግ ተመልሶ እንዲዘረጋ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ ለመንገድ እንዲውል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የመሬቱ ባለቤት ከሆነው መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ነው።

ቀጥሎ ሜትር ይያዙ። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ስለሆነ የሙሌቱ አናትም ጠባብ ሊሆን ይችላል። 3 ሜትር መንገድና በየዳሩ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደመር 4.2 ሜትር ይፈልጋል። የማይበቃበት ቦታ ላይ መንገዱ ይጠባል ወይም መከላከያ አጥር ይቆማል።

የሐዲድ ጠጠር ላይ ብስክሌት አይነዳም፤ ትልቅ ነው፣ ይንከባለላል። ግን አይጣልም፤ ተደላድሎ በሮለር ከተጠቀጠቀ ምርጥ መሠረት ነው፣ ውሃ ያሳልፋል። በላዩ ጂኦቴክስታይል (ውሃ እያሳለፈ ጠጠሩን የሚለይ ጨርቅ) ይነጠፍና ከ1 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ዱቄቱ ያልተነፋ ደቃቅ ጠጠር 10 ሳንቲ ሜትር ይለብሳል። ዱቄቱ ተነፍቶ የወጣ ጠጠር አይያያዝም፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ለ1 ኪሎ ሜትር 300 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ይፈልጋል፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ 375 ያዝዙ፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 24 ያህል ጭነት ነው። ጠጠሩ ውሃ ጠጥቶ ይጠቅጠቅ፤ ደረቅ ከተጠቀጠቀ ይበናል። ወደ አንድ ጎን በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያዘንብል።

ድልድይ ላይ እንጨት ሲነጠፍ ሳንቃው ለመንገዱ አግድም እንጂ በርዝመቱ አይሁን፤ ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። የእጅ መደገፊያው ከ1.07 ሜትር አይነስ። ከሐዲዱ ሥር አሮጌ ተሸካሚ እንጨት ካገኛችሁ ክሪዮዞት (እንጨት እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል) የተነከረ ሊሆን ስለሚችል ለማገዶ አትስጡት፤ ጢሱ መርዝ ነው።

ከግንባታው ሁሉ በፊት ግን በክረምት አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ መስመሩን በእግር ይሂዱት። በየቱቦውና በየድልድዩ ቆመው ውሃው በየት እንደገባ፣ በየት እንደወጣ፣ የት እንደቆመ በቀለም ድንጋይ ላይ ምልክት ያድርጉ። በቆላው ደራሽ ጎርፍ የሚያልፍበትን ቦታ በበጋ ማንም አይገምተውም። ከዚያ ለሙከራ 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ይምረጡ፤ ምልክቱ በጣም ያነሰበትን።