ጥያቄና መልስ፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ «ተኛ» አትበሉት

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኦፕራሲዮን ናቸው። በየተራ እንያቸው።

ከሳቢያን የጻፈ ወጣት፣ ለሆድ ኦፕራሲዮን ከመግባቱ በፊት የሆዱን ጸጉር ቤቱ በምላጭ ተላጭቶ ቢሄድ ይሻል እንደሆነ ይጠይቃል።

አትላጭ። ምላጭ ቆዳ ይቧጭራል፣ ጀርምም በዚያው ይገባል። ካስፈለገ እዚያው በማሽን ያሳጥሩልሃል።

ከገንደ ቆሬ አንዲት ልጅ ተቆጥታ ነው የጻፈችው። አባቷ የአንጀት ኦፕራሲዮን በተደረገላቸው ማግስት ነርሷ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከሰዓት ደግሞ ኮሪደሩ ላይ አስኬደቻቸው። ቁስሉ ገና ሳይደርቅ ይሄ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ትላለች።

ጭካኔ አይደለም፣ የኔ እህት። ሥራዋን ነው የሠራችው። እኛ ዘንድ አስታማሚ ማለት አልጋውን ከቦ «ተኛ፣ አትነቃነቅ» የሚል ሰው ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲተኛ ግን ሳንባው ከሥር በደንብ አይከፈትም፤ አክታ ይጠራቀምና ሳንባ ምች ይመጣል። እግር ላይ ደም ይረጋል። አንጀትም ቶሎ ወደ ሥራው አይመለስም።

ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ይህን ነገር አጥብቆ ያዘው። ሕመምን በደንብ ማስታገስ፣ ቶሎ ማብላት፣ ቶሎ ከአልጋ ማውረድ። እነዚህ አንድ ላይ ሲደረጉ፣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይተኙ የነበሩ የአንጀት ታካሚዎች በ2 እና በ3 ቀን ቤታቸው መግባት ጀመሩ። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ግን በነርስ እጅ ነው። ቀዶ ሐኪሙማ ጓንቱን አውልቆ ሄዷል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 1975 እንግሊዝ አገር የወጣ የነርሶች ጥናት፣ ምን እንደሚሰማቸው አስቀድሞ የተነገራቸው ታካሚዎች ካልተነገራቸው ያነሰ ማስታገሻ እንደወሰዱ አሳይቷል። አባትሽንም ዋዜማው ላይ «ነገ አስነሳዎታለሁ፣ ያምዎታል፣ ስፌቱ ግን አይበጠስም» ያላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ አንቺም ይህን ሁሉ ባልተቆጣሽ። ክፍል ሙሉ በሽተኛ ለብቻዋ የያዘች ነርስ ለዚህ ጊዜ ከየት ታምጣ? ይሄን ለኃላፊዎቹ እተወዋለሁ።

አንቺ ማገዝ ትችያለሽ። ማስታገሻቸውን ከወሰዱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጎን አዙረሽ፣ እግራቸውን አውርደሽ አስቀምጫቸው። ማዞሩ ሳይለቃቸው አይቁሙ። ሲያስላቸው ሽርጣቸውን አጣጥፈው ቁስሉ ላይ ደገፍ ያድርጉ። ቁስሉ ከደማ ወይም ካተኮሳቸው ለነርሷ ንገሪያት።

አንድ የሐረር ሰው ደግሞ ለቡአ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዟል። ሐኪሙ ስለ ጫት ስላልጠየቀው በርጫው ላይ ችግር የለም ብሎ ደምድሟል።

አቦ! ሐረር ተቀምጠህ ሐኪሙ እስኪጠይቅህ ትጠብቃለህ? ራስህ ንገረው። ለሰመመን ባለሙያውም ሳትደብቅ ተናገር። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል። ቡአ ተሠርቶልህ ሽንት ቤት ስታምጥ አስበው እስቲ። ሲጋራውን ደግሞ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ብታቆም ለቁስሉም ለሳንባህም ይጠቅማል።

ምራቴ በኦፕራሲዮን ወልዳለች፣ ገንፎ ልስጣት ወይ ያሉኝ እናት፦ ሐኪሙ መብላት ትችላለች ካለ ይስጧት። ቅቤውን ግን ቀነስ ያድርጉት። በድሬ ሙቀት ውሃም አይርሱባት።

የመጨረሻው ከጁገል ነው። ባለቤቱ ኦፕራሲዮን ከሆነች 2 ሳምንት ሆኗታል። አንድ ባቷ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ያማታል። ወጌሻ ይሸው ወይ ይላል።

እንዳይነካት! ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ሲታሽ ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህን ባነበብክበት ቀን ሆስፒታል ውሰዳት፣ ነገ አትበል። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።