ጥያቄና መልስ፦ ከጣና በላይ ያለው ባዘቶ

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ጣና ዳር ቆሜ ስላየሁት ቀጭን ደመና ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። እንደ ባዘቶ ጥጥ የተሳሳበ፣ ሰማዩን የማይሸፍን ደመና። ቀጭን ቢሆንም ምድርን ያሞቃል ብዬም ነበር። ጥያቄ ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ጎረፈ። የተወሰኑትን መርጫለሁ።

«ያልከው ደመና ስም አለው? ለምንስ አይዘንብም?» (ከሽምብጥ)

አለው፣ ሲረስ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1802 ያወጣለት ሉክ ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው። በላቲን የተጠቀለለ ፀጉር እንደማለት ነው። እኔ ግን ባዘቶ ይሻላል ባይ ነኝ። እንደኛ ባለው ሞቃት ቀጠና እስከ 18 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይወጣል። እዚያ ብርዱ ከዜሮ በታች 40፣ 60 ዲግሪ ስለሚደርስ ደመናው በሙሉ የበረዶ ቅንጣት ነው። መዝነቡንስ ይዘንባል። ያ ወደ ታች የሚጎተተው ጭራ እየወረደ ያለ በረዶ ነው። ከሥር ያለው ደረቅ አየር መንገድ ላይ ይጨርሰዋል እንጂ።

«ፀሐይ ቀለበት ስትሠራ እናቴ መጥፎ ምልክት ነው ትላለች። እውነት ነው?» (ከዘጌ)

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝና አይዞሽ በላት። ቀለበቱ የሚመጣው ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣቶች ብርሃኑን በ22 ዲግሪ ገደማ ስለሚያጥፉት ነው። በእጅህ ልትለካው ትችላለህ። ክንድህን ቀጥ አድርገህ ዘርጋ፣ ፀሐይዋን በአውራ ጣትህ ሸፍናት፣ ከዚያ ስንዝር አድርግ። ትንሿ ጣትህ ቀለበቱ አካባቢ ታርፋለች። እኔ ቡና እየተፈላ በረንዳ ላይ ስሞክረው ልጄ «አባዬ ሰማይ እየለካ ነው» ብላ ሰፈሩን ሰብስባብኛለች። ፀሐይዋን በቀጥታ እንዳታያት ብቻ። ጨረቃ ላይ ብትሞክረው ደግሞ ዓይንህም አይጎዳም።

«ደመና ጥላ አይደለም እንዴ? ምድርን ያሞቃል ያልከው አልገባኝም።» (ከፋሲሎ)

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ወፍራሙ የክረምት ደመና ጃንጥላ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል። ሲረስ ግን ነጠላ ነው። ብርሃኑ ሰንጥቆት ያልፋል፣ ከምድር ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቀት ግን በከፊል ይይዘዋል። ራሱ በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ወደ ጠፈር የሚለቀው ሙቀት ትንሽ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ደመና ካለ ይለዝባል። ያው ነገር ነው። ሁሉም የደመና ዓይነት ሲደመር ምድርን ያቀዘቅዛል፤ ቀጭኑ ሲረስ ግን ወደ ማሞቁ ያደላል። ዓለም በሞቀች ቁጥር የከፍታ ደመናዎች ይበልጥ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ይሄ ሙቀቱን ይጨምራል። ስፋታቸው ይጠብባል ወይስ አይጠብም የሚለው ገና እያከራከረ ነው።

«እንዲህ የሳሳ ነገር በምን ይለካል? ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አፍሬ ተመለስኩ።» (አንድ መምህር፣ ከግሽ ዓባይ)

መምህር፣ አይፈሩ፤ ሳይንቲስቶቹንም ሲያስቸግር የኖረ ጥያቄ ነው። አፍሪካን የሚያየው ሜቲዮሳት ሳተላይት 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጦ የደመናውን አናት ሙቀት ይለካል። ቀዝቃዛ ከሆነ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ሲረስ ግን ያታልለዋል። ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ሙቀት ዘልቆ ይወጣና ደመናው ካለበት ዝቅ ያለ ይመስላል።

መላው ሌዘር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጠቀችው ካሊፕሶ የምትባል ሳተላይት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሆና በሴኮንድ 20 ጊዜ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ታች ትተኩስ ነበር። ብርሃኑ ደመናው ላይ ነጥሮ ሲመለስ የፈጀው ጊዜ ከፍታውን ይናገራል። በረዶ ይሁን ውሃም ይለያል፤ ክብ ጠብታ ብርሃኑን እንዳለ ይመልሰዋል፣ ጠርዛማው በረዶ ግን የብርሃኑን ንዝረት አቅጣጫ ያዛባዋል። ካሊፕሶ በ2023 ሥራዋን ጨረሰች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 አውሮፓና ጃፓን ኧርዝኬር የምትባል ሳተላይት ላኩ። ሌዘር፣ ራዳር፣ ካሜራና የጨረር መለኪያ በአንድ ላይ ይዛለች። ራዳሩ ወፍራሙን ያያል፣ ሌዘሩ ስሱን።

ታሪኩ እዚህ አያልቅም፤ ደመናው ውስጥ በአውሮፕላን ገብቶ ቅንጣቱን መቁጠርም አለ። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ስህተት አለ። ለብዙ ዓመት ቆጣሪ መሣሪያዎቹ እጅግ ብዙ ደቃቅ በረዶ ያሳዩ ነበር። ለካስ ትልልቆቹ ቅንጣቶች የመሣሪያው ጫፍ ላይ ተጋጭተው እየተሰባበሩ ነው! አንዱ ብርጭቆ ተሰብሮ መቶ ብርጭቆ ተብሎ እንደተቆጠረ አስቡት። የመሣሪያው ጫፍ ቅርጹ ተቀየረ፣ ስብርባሪውንም በሂሳብ ማጣራት ተጀመረ፤ ቁጥሩ ወረደ። ለተማሪዎችዎ ይህን ይንገሩልኝ።

«አውሮፕላን የሚተወው ነጭ መስመር መርዝ ነው ይላሉ።» (ስም አልተጻፈም)

አይደለም። ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቅዞ በረዶ ሆኖ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ወዲያው ይጠፋል፤ እርጥብ ከሆነ ተስፋፍቶ ሲረስ ይሆናል። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ እሱም ሙቀት ይይዛል። በተለይ ሌሊት፣ የሚመልሰው ፀሐይ ስለሌለ ሥራው ማሞቅ ብቻ ነው።

«ሳተላይት የለኝ፣ ሌዘር የለኝ። እኔ ምን ልመልከት?» (ከጎርጎራ)

አቅጣጫውን። ነሐሴ ላይ ከትልልቁ የነጎድጓድ ደመና አናት ተነጥሎ የሚሄደውን ሲረስ በአንድ ዛፍ ጫፍ አነጣጥረህ አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ከደብረ ታቦር ወደ ቋራ፣ ማለትም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ታየዋለህ። በክረምት እላይ ኃይለኛ የምሥራቅ ነፋስ ስላለ ነው። ከሥር ያለው ደመናና የሐይቁ ነፋስ በሌላ አቅጣጫ ሊሄዱ ይችላሉ፤ አትደናገር። ጥር ላይ ደግመህ እይ፣ ባዘቶው ወደ ደብረ ታቦር ዞሮ ታገኘዋለህ። ያየኸውን ጻፍልኝ።